ባቡሩ ማራገቢያ የለው፤ እሳቱን ማን እፍ ይለዋል?

ለዚህ ዓምድ አዲስ ለሆናችሁ፦ ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ብረት ሠሪ ነበር። እኔ እንግሊዝ አገር ሃያ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ነዳሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ በበጎ ፈቃድ በሚሠራ የድሮ ባቡር ላይ እሳት አንዳጅ ነኝ። ባለቤቴ "ጡረታ የወጣኸው ልታርፍ መስሎኝ" ትላለች። ልብሴን ግን ታጥብልኛለች።

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ሳይነጋገሩ አንድ ነገር ላይ ገጠሙ። ሁሉም ስለ እሳትና አየር ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በ2011 ዓ.ም. መንገዱ ሲከፈት አስመራ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ በእንፋሎት ባቡር እስከ ነፋሲት ወርጄ ተመለስኩ። ስንመለስ ነጂው ፈቅዶልኝ ትንሽ እነሱ ዘንድ ቆሜ ነበር። አንዳጁ ከሰል በአካፋ ይጨምርና በሩን ጥርቅም አድርጎ አይዘጋውም። ትንሽ ክፍተት ይተውና ቆይቶ ይዘጋዋል። እግሩ ሥር ያለች ዘንግ ደጋግሞ ይነካካል። ዋሻ ልንገባ ስንል ደግሞ አንዲት ትንሽ መዘውር አዞረ፤ ወዲያው ከጭስ ማውጫው "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ መጣ። ማራገቢያ ግን የትም የለም። ያን የሚያህል እሳት አየር ከየት ያገኛል? (ከገርጂ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ አስተውለሽ ነው ያየሽው የኔ ልጅ። በሩም፣ ዘንጓም፣ መዘውሯም ሥራቸው አየር ነው።

ከቡና ከሰል ልነሳ። ከሰሉ አልያዝ ሲልሽ ታራግቢያለሽ። አለዚያ ጎንበስ ብለሽ እፍ ትያለሽ። ቀጥቃጭም ወናፉን ይነፋል። ይህ ሁሉ አየርን ወደ እሳቱ መግፋት ነው። ባቡሩ ግን አይገፋም፤ ይስባል። የሚስበውም ከእሳቱ በኩል ሳይሆን ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከጭስ ማውጫው ሥር ነው።

እሳቱ ያለው ሠራተኞቹ ፊት ለፊት ባለ የብረት ክፍል ውስጥ ነው። ከዚያ ተነስተው የቦይለሩን፣ ማለትም ውኃው የሚፈላበትን ትልቅ በርሜል፣ ሆድ አቋርጠው የሚያልፉ ብዙ ቱቦዎች አሉ። ትኩሱ ጋዝ በቱቦዎቹ ውስጥ ያልፋል፤ ውኃው በዙሪያቸው ይፈላል። ቱቦዎቹ ከፊት ሲያልቁ አንድ ክብ ባዶ ክፍል አለ፤ የጭስ ክፍል እንበለው። ጭስ ማውጫው ከሱ በላይ ቆሟል።

አሁን ብልሃቱን እይ። ፒስተኑን ገፍቶ ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት ዝም ብሎ ሜዳ ላይ አይጣልም። ወደ ጭስ ክፍሉ ይመጣና በአንድ ጠባብ አፍ ቀጥ ብሎ ወደ ጭስ ማውጫው ይተኮሳል። ያ "ቹፍ፣ ቹፍ" የሚለው ድምፅ እሱ ነው። ሲወጣ በዙሪያው ያለውን ጋዝ እየጎተተ ይዞት ይሄዳል። ክፍሉ ይጎድላል። የጎደለውን ለመሙላት ከቱቦዎቹ ጋዝ ይመጣል፤ የቱቦዎቹን ለመሙላት ከእሳቱ ይመጣል፤ ለእሳቱ ደግሞ ከውጭ አየር ይገባል። እያንዳንዷ "ቹፍ" አንድ ትንፋሽ ናት።

ደስ የሚለው ዳገት ሲመጣ ነው። ነጂው እንፋሎቱን ይጨምራል። ብዙ እንፋሎት ሲወጣ ስቡ ይበረታል፤ እሳቱ ይፋፋማል፤ ይበልጥ እንፋሎት ይፈላል። ጭነቱ ሲከብደው ራሱን እፍ ይላል ማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በነዳሁት አውቶቡስ ውስጥ ይህን የሚያህል ቀላልና ብልህ ነገር አላየሁም።

ስንት አየር እንደሚበላ ልንገርሽ። አንድ ኪሎ የድንጋይ ከሰል ተስተካክሎ ለመንደድ ወደ 11 ኪሎ አየር ይፈልጋል። በባሕር ጠረፍ ይህ 9 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። አካፋዬ ወደ አምስት ኪሎ ይይዛል። ስለዚህ በአንድ አካፋ ከሰል አንድ ደህና ሳሎን ሙሉ አየር ይሄዳል። ያንቺ ባቡር ደግሞ የምፅዋን ባሕር ትቶ አስመራ ድረስ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣ ነው። እዚያ ላይ አየሩ ሳስቷል፤ ለዚያው ኪሎ ከሰል ወደ 12 ሜትር ኩብ መሳብ አለበት። እዚያ መስመር ላይ ያሉት 442 የሚባሉት ባቡሮች እ.ኤ.አ. በ1938 ጄኖቫ ከተማ በአንሳልዶ ፋብሪካ የተሠሩ ናቸው። ያን ዳገት በሳሳ አየር ሲወጡ አንዳጁ ለምን እጁ እንደማያርፍ ገባሽ?

እንግዲህ ወደ ዘንጓ። ስሟ ዳምፐር ነው። እሳቱ የተኛው በብረት ፍርግርግ ላይ ነው፤ ከፍርግርጉ ሥር የአመድ ሣጥን አለ። ሣጥኑ ከፊትም ከኋላም በር አለው፤ ዘንጓ እሱን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ላቀች ምድጃ ቤት ካለሽ ከታች ያለችውን ትንሽ በር እያት። ያቺው ናት። ሲከፈት አየር ከሥር ገብቶ በከሰሉ መሃል ሽቅብ ያልፋል፤ ፍሙን የሚያነደው ይህ ነው። ጣቢያ ላይ ስትቆሚ ካልዘጋሽው እሳቱ ዝም ብሎ ይበላል፤ ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊት ሲበዛ እንፋሎት የሚያስወጣው ሴፍቲ ቫልቭ ይከፈትና እንፋሎቱ ሰማይ ይወጣል። ያኔ ነጂው ያይሻል። አይናገርም፤ ያይሻል ብቻ።

ከሥር የሚመጣው አየር ግን ብቻውን አይበቃም። የድንጋይ ከሰል እንደኛ የእንጨት ከሰል አይደለም። አዲስ ስትጥይበት መጀመሪያ ጋዝ ያወጣል፤ ያ ጋዝ ከፍሙ በላይ ተንሳፍፎ ነው የሚነደው። ከሥር የገባው አየር እዚያ ሲደርስ ኦክስጅኑን ፍሙ በልቶበታል። ስለዚህ ከላይ ሌላ አየር ያስፈልጋል፤ እሱም በእሳቱ በር በኩል ይገባል። አንዳጁ ከሰል ጨምሮ በሩን ትንሽ ገርበብ ያደረገው ለዚህ ነው። ጋዙ ነዶ ሲያልቅ ይዘጋዋል። አብዝቶ ከከፈተው ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ሄዶ የጋለውን ብረት ይመታል፤ የቱቦዎቹ ጫፍ ይሸማቀቅና ውኃ ማፍሰስ ይጀምራል።

ጥበቡ እንግዲህ ከሥር ስንት፣ ከላይ ስንት የሚለው ላይ ነው። መለኪያ መሣሪያ የለም። እኛ ጭስ ማውጫውን እናያለን፣ ድምፁን እንሰማለን፣ በበሩ በኩል የእሳቱን ቀለም እናያለን። ነጣ ካለ ጥሩ፤ ቀይ ከሆነ ሰነፍ ነው። መሃሉ ላይ ጠቆር ያለ ቦታ ካለ እዚያ ጋ አንድ ነገር አየሩን ዘግቶታል።

የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የፋሲካ ሰሞን፣ የፈረንጆቹ፤ ስድስት ፉርጎ ሰው ሙሉ። ዳገቱን ስንጀምር ግፊቱ 160 ፓውንድ ነበር። ግማሽ ሳንደርስ 130። ከሰል ጨመርኩ። 120። ደነገጥኩና ሌላ ጨመርኩ። 110። ላቤ ይንቆረቆራል። ነጂው አካፋውን ከእጄ ቀማኝ። "እያነደድከው አይደለም፣ እየቀበርከው ነው" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከሰሉ ወፍሮ ከሥር የሚመጣው አየር ማለፊያ አጥቷል። እናቴ ምድጃ ላይ እንጨት ስታበዛ "አታፍኚው" የምትላት አያቴ ትዝ አለችኝ። ስድሳ ዓመት ሞልቶኝ፣ እንግሊዝ አገር ዳገት ላይ!

ቆምን። አሥራ ሁለት ደቂቃ። ተሳፋሪዎቹ መስኮት ከፍተው ፎቶ ያነሳሉ፤ የትርኢቱ አካል መስሏቸዋል።

ማታ ግን ሌላ ነገር ተገኘ። የጭስ ክፍሉ ከፊት ትልቅ ክብ በር አለው። ጠዋት ጠዋት ከፍተን የተጠራቀመውን ጥላሸት እንጠርጋለን። ያን ቀን የጠረግሁት እኔ ነኝ፤ የበሩን ከንፈር ግን አልወለወልኩም። የባቄላ ፍሬ የምታህል አመድ እዚያ ላይ ቀርታ በሩ በደንብ አልገጠመም። ያ ሁሉ ስብ ከእሳቱ አየር መሳብ ሲገባው በዚያች ክፍተት ከፊት ይስብ ነበር። ቀዳዳ ባለው ገለባ ለስላሳ ጠጥተሽ ታውቂያለሽ? እንደዚያ ነው። አሁን የበሩን ከንፈር ሁለት ጊዜ እወለውላለሁ፤ አንዴ በጨርቅ፣ አንዴ በመዳፌ።

የመጨረሻዋ፣ መዘውሯ። ብሎወር ትባላለች። ባቡሩ ራሱን እፍ የሚለው እንፋሎት እየተጠቀመ ሲሄድ ብቻ ነው አልኩሽ። ነጂው እንፋሎቱን ሲዘጋስ? "ቹፍ" የለም፤ ትንፋሽ የለም። ከአስመራ ወደ ነፋሲት ስትወርዱ አብዛኛው መንገድ እንዲህ ነበር። ብሎወሯ ከቦይለሩ በቀጥታ ትንሽ እንፋሎት ወስዳ በጭስ ማውጫው ሥር ባሉ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ትረጨዋለች። "ሽሽሽ" ያለው እሱ ነው። ባቡሩ ቢቆምም ስቡ አይቋረጥም።

ዋሻ ላይ ደግሞ ነገሩ የምር ነው። ባቡሩ ዋሻ ሲገባ አየሩን ከፊቱ ይገፋል፤ አየሩ መሄጃ ሲያጣ በጭስ ማውጫው ቁልቁል ሊመለስ ይችላል። ያን ጊዜ ስቡ ደካማ ከሆነ እሳቱ የሚወጣበት አንድ መንገድ ብቻ አለው፦ በበሩ፣ ወደ ሠራተኞቹ። ስለዚህ መጀመሪያ ብሎወር ይከፈታል፣ የእሳቱ በር ይዘጋል፣ እንፋሎት የሚዘጋ ከሆነም ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። ሜዳ ላይም ቢሆን እሳት ተመልሶ ያውቃል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1965 እንግሊዝ ውስጥ ዊንስፎርድ አጠገብ ዋላስ ኦክስ የተባለ ነጂ በሚነዳው የመንገደኛ ባቡር ላይ እሳቱ ወደ ሠራተኞቹ ክፍል ተመለሰ። ኦክስ አልዘለለም። እየነደደ ባቡሩን አቆመው። ተሳፋሪዎቹ ተረፉ፤ እሱ ከጥቂት ቀናት በኋላ በቃጠሎው ሞተ። ከሞተ በኋላ ጆርጅ ክሮስ የሚባለው የጀግንነት ሜዳሊያ ተሰጠው። እኛ ሥልጠና ላይ ብሎወር ሲባል ማንም አይቀልድም።

ጥያቄ፦ ልጆቼን ይዤ ከምበርላንድ ሄጄ 1309 የሚባለውን ትልቅ የእንፋሎት ባቡር አሳየኋቸው። አንዴ ጥቁር ጭስ፣ አንዴ ነጭ፣ አንዴ ምንም የለም። የአሥር ዓመት ልጄ "ይሄ እኮ አየሩን እየበከለ ነው" ብላ አፋጠጠችኝ። ጥቁር ጭሱ ግዴታ ነው እንዴ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ልጅህ ልክ ናት። ጥቁር ጭስ ያልነደደ ከሰል ነው። ገንዘቡን ወደ ሰማይ መበተን ማለት ነው። የድሮ የባቡር ኩባንያዎች ጥቁር ጭስ የሚያበዛ አንዳጅ አይወዱም ነበር፤ ለሰማዩ አዝነው ሳይሆን ለከሰሉ።

ጥቁር ሲሆን ከፍሙ በላይ አየር አንሷል። አዲስ ከሰል ሲጣል ለጥቂት ሰከንድ መጥቆሩ ያለ ነው፤ ያ ይታለፋል። ዝም ብሎ እየጠቆረ ከሄደ ግን ወይ ከሰሉ በዝቷል፣ ወይ በሩ ቶሎ ተዘግቷል። ምንም የማይታይ ከሆነም አትደሰት፤ አየሩ በዝቶ እሳቱን እያቀዘቀዘው ሊሆን ይችላል። እኛ የምንፈልገው ስስ ግራጫ ነው፤ ወዲያ ማዶ ያለው ዛፍ ከጀርባው የሚታይበት። ነጩ ደግሞ ጭስ አይደለም። ቀዝቃዛ አየር ያገኘው እንፋሎት ነው፤ በብርድ ቀን ከአፍህ እንደሚወጣው። ክረምት ላይ ሄዳችሁ ከሆነ እሱን ነው በብዛት ያያችሁት።

አንድ ምስጢር ልንገርህ፤ ለልጅህ ንገራት አትንገራት ያንተ ፈንታ ነው። ፎቶ አንሺዎች ሐዲዱ ዳር ሲደረደሩ ጥቁር ጭስ ይወዳሉ። ለእነሱ ሲባል ሆን ብሎ ከሰል የሚያበዛ አንዳጅ በየአገሩ አለ። እኔም አድርጌያለሁ፤ ሁለት ጊዜ። 1309 ፎቶ ሲያነሱት የሚያምር ባቡር ነው፤ ባልድዊን እ.ኤ.አ. በ1949 የሠራው፣ ለዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ በ2021 መጨረሻ ወደ ሥራ የተመለሰ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ባለፈው እትም "እንፋሎትን በጭስ ማውጫ መልቀቅ የእንግሊዛዊው ባቡር ሠሪ የስቲቨንሰን ፈጠራ ነው" ብለህ ጽፈሃል። ይህ ስህተት ነው። አንተ የከዚራ ልጅ ሆነህ! (ከድሬዳዋ፣ ጡረተኛ)

መልስ፦ እጅ ሰጥቻለሁ ጋሼ። ከስቲቨንሰን በፊት መሐንዲሱ ሪቻርድ ትሬቪቲክ ነበር። እ.ኤ.አ. የካቲት 21 ቀን 1804 ዌልስ ውስጥ ከፔኒዳረን እስከ አበርካነን ባቡሩ አሥር ቶን ብረትና ሰባ ያህል ሰው ጎትቶ ሲሄድ፣ ያለቀው እንፋሎት በጭስ ማውጫው ሲወጣ እሳቱ እንደሚበረታ አስተውሏል። ቲሞቲ ሃክዎርዝ በ1827 ሮያል ጆርጅ በተባለው ባቡሩ ላይ የእንፋሎቱን መውጫ አፍ አጥብቦ ስቡን አበረታው። ሮኬት የተባለው የስቲቨንሰን ባቡር የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1829 ነው።

እግረ መንገዴን ግን ሃክዎርዝን ልጎንትለው። በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር ሬይንሂል ላይ የባቡሮች ውድድር ሲደረግ እሱ ሳን ፓሬይ የሚባል ባቡር ይዞ ቀረበ። አፉን ከመጠን በላይ አጥብቦት ስለነበር ስቡ በረታና ያልነደደውን ኮክ (ጋዙ አስቀድሞ የወጣለት የድንጋይ ከሰል ነው) ከእሳቱ እየነጠቀ በጭስ ማውጫው ይተፋው ጀመር። የበላው ነዳጅ ለጉድ ነበር። አሸናፊው ሮኬት ሆነ። አፉን ያጠበበው ሰው ራሱ በጠባቡ አፍ ነዳጁን አባከነ ማለት አይደል?

ስለ ከዚራ ካነሱ አይቀር፣ አባቴ የነገረኝን ልጨምር። ሥራ የገባው የእንፋሎቱ ዘመን ሊያበቃ ሲል ነው። የአስመራው ሐዲድ የጣሊያን ሲሆን የኛው የፈረንሳይ ነበርና የጋራዡ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ፈረንሳዮቹ እሳት አንዳጁን "ሾፌር" ይሉት ነበር፤ ትርጉሙ አሙቂ፣ አንዳጅ ማለት ነው። ቃሉ ኋላ ወደ መኪና ዞሮ እኛም "ሾፌር" ብለን ወሰድነው። እና እኔ ሃያ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ላይ ሾፌር ተብዬ፣ የቃሉን ሥራ የጀመርኩት ጡረታ ወጥቼ ነው።

ጥያቄ፦ የከሰል ምድጃዬ እየጨሰ አስቸገረኝ። ከሰሉ ደረቅ ነው። ባለቤቴ "ከላይ ክደኝው" ይላል፣ ጎረቤቴ "አራግቢው" ትላለች። ማንን ልስማ? ባቡር ያልሆነ ጥያቄም ትመልሳለህ ብለውኝ ነው። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እመልሳለሁ እንጂ። ሁለቱንም አትስሚ። መጀመሪያ ከታች ያለችውን በር ክፈቺና እጅሽን ስደጂ፤ ሳይቀጣጠል፣ ምድጃው ቀዝቃዛ ሳለ። አመድ ሞልቶት እንደሆነ አየር መግቢያ የለውም፤ ከላይ ብታራግቢው ፊትሽ ላይ አመድ ነው የሚመጣው። ጥረጊው፤ የፍርግርጉን ቀዳዳዎችም በሽቦ ውጊያቸው። ከሰሉን አድቅቀሽ እንዳትሞዪው፤ በየመሃሉ አየር የሚያልፍበት ቦታ ተይለት። ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ሌላም አለ። ሲበቃሽ የታችኛዋን በር ዘግቶ ፍሙን ማቆየት ጥሩ ብልሃት ነው፤ ቡናውን ያደርሳል። ግን ፍም፣ በተለይ አየር ሲያንሰው፣ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ማታ ምድጃውን ደጅ አውጪው፤ ክፍል ውስጥ እያለ አትተኙ።